ላይብረሪዬን ከመልቀቄ በፊት የሚጠቀሙበትን ፓኬጆች እንዴት ልሞክር?

ሰረዝ_ነጥብ

ሰላም ለሁላችሁ። ሲኤስቪ ፋይል የሚያነብ ትንሽ የፓይቶን ላይብረሪ አለኝ። ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ለራሴ ሥራ ብዬ የጀመርኩት ነገር ነበር፣ ከዚያ ሰው እየተጠቀመበት መጣ፣ አሁን ሌሎች ፓኬጆች ውስጥ ዲፔንደንሲ ሆኖ ገብቶ አገኘዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት 1.8.2ን ለቀቅኩ። ለውጡ ትንሽ ናት። ፋይሉ ውስጥ ባዶ ሕዋስ ሲኖር ድሮ ባዶ ስትሪንግ ነበር የሚመልሰው፣ አሁን ኖን (በፓይቶን «ምንም ዋጋ የለም» ማለት ነው) እንዲመልስ አደረግኩት። ዶክመንቴሽኑ ከመጀመሪያውም ኖን ይመልሳል ነው የሚለው። ስለዚህ ባግ አስተካከልኩ እንጂ ምንም አልቀየርኩም ብዬ ነበር። የራሴ ቴስቶች 400 ምናምን ናቸው፣ ሁሉም አረንጓዴ። ለቅቄ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ ሦስት ኢሹ ተከፍቶ ጠበቀኝ። አንደኛው ሰውዬ በየሌሊቱ የሚወጣ ሪፖርት አለው። የሚጠቀመው የእኔን ላይብረሪ እንኳን አይደለም፣ በእኔ ላይ የተሠራ ሌላ ፓኬጅ ነው፣ የእኔን ስም ከዚያ ቀን በፊት ሰምቶም አያውቅም። እዚያ ፓኬጅ ውስጥ የሕዋሱን ርዝመት የምትቆጥር አንዲት መስመር አለች። ኖን ደግሞ ርዝመት የለውም። በቃ እዚያው ቆመ። 1.8.2ን ያንክ አድርጌ (ሰው እንዳያወርደው ከስርጭት አንስቼ) 1.8.3ን በድሮው አሠራር መልሼ ለቀቅኩ፣ ሁሉንም ይቅርታ ጠየቅኩ።

አሁን 1.9ን እያዘጋጀሁ ነው፣ ለውጦቹም ከዚያ የበዙ ናቸው። እውነቱን ለመናገር የመልቀቂያውን ቁልፍ መጫን ፈርቻለሁ። በእኔ ላይ የተደገፉትን ፓኬጆች ፈላልጌ 60 አካባቢ አገኘሁ። ከመልቀቄ በፊት የእነሱን ቴስት በአዲሱ ኮድ ማስኬድ እፈልጋለሁ። እንዴት ነው የሚደረገው? ያለኝ አንድ ላፕቶፕ ነው። ይሄንን ማድረግስ የእኔ ሥራ ነው ወይ?

የድሮ_ኮሚት

አይዞህ ወንድሜ፣ ላይብረሪ የለቀቀ ሁሉ አንድ ቀን ይደርስበታል። ያልደረሰበት ካለ የሚጠቀምበት ሰው ስለሌለ ነው።

ዋናውን ነገር ልንገርህ። እያንዳንዱን ፓኬጅ ሁለት ጊዜ ነው የምታስኬደው። አንዴ አሁን ባለው ሪሊዝህ፣ አንዴ ልትለቀው ባሰብከው። ከዚያ የምታየው ልዩነቱን ብቻ ነው። ድሮም ሲወድቅ የነበረ አሁንም ከወደቀ ተወው፣ አንተን አይመለከትም። ድሮ ያልፍ የነበረ አሁን ከወደቀ እሱ ነው ሥራህ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአዲሱ ብቻ ያስኬዳል፣ 20 ቀይ ያያል፣ ይደነግጣል፣ አንድ ቀን ሙሉ ሎግ ሲያነብ ይውላል፣ መጨረሻ ላይ 16ቱ ዳታቤዝ ስላልተጫነ ወይም ሌላ ዲፔንደንሲያቸው ስላረጀ የወደቁ ሆነው ያገኛቸዋል። ከዚያ ተስፋ ይቆርጥና ሁለተኛ አይሞክረውም።

በሁለቱ ሩጫዎች መሃል ሌላ ምንም እንዳይቀየር። ሁለቱን በተለያየ ቀን ካስኬድካቸውና በመሃል ሌላ ሰው ፓኬጁን ከለቀቀ፣ በእሱ ጥፋት ራስህን ስትወቅስ ትከርማለህ። በመጀመሪያው ሩጫ የተጫኑትን ቨርዥኖች በሙሉ ጽፈህ ያዝ፣ በሁለተኛው ያንኑ ጫን፣ የአንተን ብቻ ቀይር።

አሁን እኔ የተሞኘሁበትን ልንገርህ። መጀመሪያ ጊዜ ሳደርገው 30 ፓኬጅ አስኬጄ 30ውም አለፉ። ደስ ብሎኝ ለቀቅኩ። በማግስቱ ስድብ። ተመልሼ ሎጉን ሳነብ፣ መሃል ላይ ማንም የማያያት አንዲት መስመር ተቀምጣለች። ፒፕ (የፓይቶን ፓኬጅ ጫኙ) አዲሱን ቨርዥኔን አራግፎ የድሮውን ጭኗል። ለምን? ፓኬጁ «ከ2 በታች ካልሆነ አልፈልግም» ብሎ ጽፏል፣ የእኔ አዲሱ 2 ነው፣ ፒፕም የታዘዘውን ፈጸመ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ያስኬድኩት ያንኑ የድሮ ኮድ ነበር። ያለፈው ለዚያ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ መጀመሪያ የሰውዬውን ፓኬጅ ከነዲፔንደንሲው እጭናለሁ፣ ከዚያ የራሴን አዲስ ዊል (ፓኬጁ ታሽጎ የሚወርድበት ፋይል) ያለ ዲፔንደንሲ ከላዩ አስገድጄ እጭናለሁ። ቴስቱ ሊጀምር ሲል ደግሞ ፓይቶን ራሱ የትኛውን ቨርዥን ከየትኛው ፎልደር እንዳነሳ እንዲጽፍልኝ አደርጋለሁ። ያ መስመር ከሌለ ውጤቱን አላምነውም።

ፎልደር ያልኩህ በምክንያት ነው። የራስህ ሶርስ ያለበት ቦታ ቆመህ ካስኬድከው ፓይቶን የጫንከውን ዊል ትቶ አጠገቡ ያለውን ኮድ ሊያነሳ ይችላል። እና የምትሞክረው ሰው የሚያወርደውን ዊል መሆን አለበት። ኮዱ ደህና ሆኖ ማሸጉ የተበላሸ ስንት አለ መሰለህ። በ2020 ኤፕሪል የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ማከማቻ በሆነው ኤንፒኤም ላይ ኢዝ-ፕሮሚስ የምትባል ሁለት ሦስት መስመር የምታክል ፓኬጅ አዲስ ቨርዥን ወጣላትና ክሪኤት ሪአክት አፕን ጨምሮ ብዙ ነገር መሥራት አቆመ። ጥፋቱ ከኮዱ አልነበረም፣ ፓኬጁ የትኞቹን ፋይሎች ለውጭ እንደሚያሳይ የሚናገረው ክፍል ነው የተሳሳተው። እንዲህ ያለውን የራስህ ቴስት አያይልህም፣ ፋይሉን በቀጥታ ከሶርሱ ነውና የሚያነበው።

ለምን_ይሰራል

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ልበል፣ አትቆጡ።

ይሄ የአንተ ሥራ አይደለም። በነፃ ኮድ ሰጠህ፣ ዶክመንቴሽን ጻፍክ፣ ዶክመንቴሽኑ ኖን ይላል፣ ኖን እንዲመልስ አደረግክ። ዶክመንቴሽን ሳያነብ ባዶ ስትሪንግ ብሎ የጻፈው ሰው ነው ይቅርታ መጠየቅ ያለበት። የሌሊቱ ሪፖርት የቆመበት ሰውዬስ ቨርዥኑን ለምን አልቆለፈውም? ሎክ ፋይል የሚባል ነገር አለ እኮ። በየሌሊቱ አዲስ የወጣውን እያወረደ የሚሠራ ፕሮዳክሽን ሲስተም ያለው ሰው፣ አንተ ባትነካውም ነገ ሌላ ሰው ያቆመዋል።

60 ፓኬጅ አውርደህ ስታስኬድ የምታጠፋው ጊዜ ከራስህ ሥራ ነው የሚቀነሰው። ሴምቨር (የቨርዥን ቁጥር አሰጣጥ ደንቡ) የተፈለሰፈው ለዚህ ነው። የሚያበላሽ ለውጥ ካለህ የመጀመሪያውን ቁጥር ጨምር፣ ቼንጅሎግ ጻፍ፣ ልቀቅ፣ ተኛ።

ቀይ_ቴስት

@ለምን_ይሰራል ያልከው በወረቀት ላይ ልክ ነው። ችግሩ፣ ሴምቨር የሚነግርህ ለውጡ የሚያበላሽ ከሆነ ምን ቁጥር እንደምትሰጠው ነው። የሚያበላሽ መሆኑን ግን ከየት ታውቃለህ? ጠያቂው እኮ አያበላሽም ብሎ አምኖ ነው 1.8.2 ያለው። አምኖ ነው የተኛው።

በ2010 ፌዶራ 14 የሚባለው የሊኑክስ ስሪት ሲወጣ የሆነውን የሚያስታውስ አለ? ጂሊብሲ (የሊኑክስ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ) ውስጥ ያለችው ሚሞሪ ቀጂ ፈንክሽን ሜምኮፒ በአንዳንድ ፕሮሰሰሮች ላይ እንድትፈጥን ተብሎ ሚሞሪውን ከኋላ ወደ ፊት መቅዳት ጀመረች። ስታንዳርዱ ይፈቅዳል። ምንጩና መድረሻው ከተደራረቡ ውጤቱ አይታወቅም ይላል፣ መደራረብ ካለ ሜምሙቭን ተጠቀሙ ይላል። ፍላሽ ፕሌየር ግን ሲደራረብም ሜምኮፒን ነበር የሚጠራው፣ ለዓመታትም በዕድል ሠርቶለታል። ከለውጡ በኋላ የቪዲዮ ድምፅ መንኮሻኮሽ ጀመረ። ጥፋቱ የማን ነው? የፍላሽ፣ ጥያቄ የለውም። ተጠቃሚው ግን የሚያውቀው ትላንት ይሰማው የነበረው ድምፅ ዛሬ መበላሸቱን ብቻ ነው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ራሱ ባጉ ላይ ገብቶ የተከራከረው ይሄንኑ ነው። መጨረሻ ላይ ጂሊብሲ በ2.14 ለሜምኮፒ አዲስ የሲምቦል ቨርዥን አወጣላት፣ ከዚያ በፊት ኮምፓይል የተደረጉ ፕሮግራሞች በድሮው ደህና መንገድ እንዲቀጥሉ። ትክክል የነበሩት ሰዎች ናቸው ወደ ኋላ የተመለሱት።

ጉግል ውስጥ የሠራው ሃይረም ራይት ያላትን ነገር ሰዎች የሃይረም ሕግ ይሏታል። በራሴ አማርኛ፣ ተጠቃሚ ከበዛልህ ዶክመንቴሽንህ ላይ ምንም ብትጽፍ ከላይብረሪህ የሚታየው ነገር ሁሉ አንድ የሚደገፍበት ሰው አያጣም። የስህተት መልእክትህ ላይ ያለችው ነጥብ ሳትቀር። ስለዚህ ምን ላይ እንደተደገፉ የምታውቅበት መንገድ አንድ ነው፣ የእነሱን ኮድ አስኬዶ ማየት።

ባለ_አር

አር ከሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ዓለም ሰላምታ ይዤ መጣሁ። እኛ ጋ «የእኔ ሥራ ነው ወይ» የሚለው ክርክር የለም፣ ግዴታ ነው። ክራን (የአር ፓኬጆች ማከማቻ) አዲስ ቨርዥን ስታስገባ ራሱ በአንተ ላይ የተደገፉትን ፓኬጆች ይፈትሻል፣ ካበላሸሃቸው ይመልስልሃል። ፖሊሲው ላይ የተጻፈ ነው፣ ኤፒአይ የሚቀይር ለውጥ ካለህ የተጎዱትን ፓኬጆች ባለቤቶች ቀድመህ ታነጋግራለህ፣ ቢያንስ 2 ሳምንት ትሰጣቸዋለህ። ሬቭዴፕቼክ የሚባል ፓኬጅ አለን፣ @የድሮ_ኮሚት ያለውን ሁለት ጊዜ ማስኬድ እሱ ያደርግልሃል፣ መጨረሻ ላይ አዲስ የተበላሹትን ብቻ ለይቶ ይጽፍልሃል። አንዳንዴ ሰው ይማረርበታል፣ እኔም ተማርሬ አውቃለሁ፣ ያበላሸሁት ፓኬጅ ባለቤት ኢሜይል አልመልስ ብሎኝ አንድ ወር የጠበቅኩበት ጊዜ አለ። ግን አፕዴት አድርጌ ሁሉ ነገር የተገለባበጠበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሌሎቹም አላቸው። የራስት ሰዎች ክሬተር የሚሉት አላቸው፣ ኮምፓይለሩን ሲቀይሩ ክሬትስ ዶት አይኦ ላይ ያለውን ኮድ በሁለት ኮምፓይለር እየገነቡ ያወዳድራሉ፣ ቀናት ይፈጃል። ኖድ ሲትግም የሚባል አለው። ዴቢያን ላይ አንድ ፓኬጅ ከአንስቴብል ወደ ቴስቲንግ ለማለፍ ሲሰለፍ የሚደገፉበት ፓኬጆች አውቶፒኬጂቴስት አብሮ ይሮጣል፣ አዲስ ውድቀት ካመጣ አያልፍም። ፐርሎችም አላቸው፣ አዲሱ ፐርል የሲፓን (የፓኬጅ ማከማቻቸው) ሞጁሎችን ሲያበላሽ የሚመዘግቡበት የራሱ ስም ያለው የባግ ዓይነት አላቸው።

ፓይቶን ላይ እንዲህ ያለ ማዕከላዊ ፈታሽ የለም፣ ስለዚህ ራስህ ነህ የምትሠራው።

ሰረዝ_ነጥብ

ብዙ ተማርኩ፣ አመሰግናለሁ። በነገራችን ላይ ወንድም ሳልሆን እህት ነኝ 😄 ችግር የለውም።

@የድሮ_ኮሚት የፒፕን ነገር ባትነግረኝ ኖሮ ያለ ጥርጥር እወድቅበት ነበር። ትላንት ማታ በሦስት ፓኬጅ ሞከርኩት፣ አንዱ በትክክል «ከ1.9 በታች» ይላል። ሌላ ደግሞ አንድ ነገር ገጠመኝ፣ ቨርዥኑን 1.9አርሲ1 (ከዋናው በፊት የሚለቀቅ ሙከራ ማለት ነው) ብዬ ሰይሜው «1.9 እና ከዚያ በላይ» የሚል የሙከራ ብራንች ያለው ፓኬጅ አልቀበልም አለኝ። ለካ አርሲ1 ከ1.9 ያነሰ ነው የሚባለው። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

@ለምን_ይሰራል ሎክ ፋይል ላይ ያልከው እውነት ነው። ግን ሰውዬው ኢሹ ላይ የጻፈው በጣም በትህትና ነበር፣ ሳነበው ጥሩ ስሜት አልተሰማኝም።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ ብዙዎቹ ቴስት የላቸውም፣ እነሱን ምን ላድርጋቸው? ሁለተኛ 60ውንም ላፕቶፔ ላይ ላስኪድ ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

ግማሽ_ሌሊት

ላፕቶፕሽ ላይ?! ቆይ ቆይ ቆይ።

እስካሁን ማንም ያላነሳው ነገር አለ። የ60 የማታውቂያቸውን ሰዎች ኮድ ነው ልታስኬጂ ያሰብሽው። ቴስት ማለት ያሻውን የሚያደርግ ኮድ ነው። ቴስቱን ተይው፣ አንዳንዱ ሲጫን ገና ሴትአፕ ፋይሉ ውስጥ ያለው ኮድ ይሮጣል። ላፕቶፕሽ ላይ ደግሞ ፓይፒአይ (የፓይቶን ፓኬጆች ማከማቻ) ላይ የምትለቂበት ቶክን አለ፣ የጊትሃብ ቁልፍሽ አለ፣ ብራውዘርሽ አለ። ከ60ው አንዱ ተንኮለኛ ቢሆን ወይም ተንኮል የገባበት ቢሆን ላይብረሪሽን ሰጠሽው ማለት ነው። ተንኮል ባይኖርም እንኳን፣ ሆም ፎልደር ውስጥ ገብቶ «ላጽዳ» የሚል ቴስት በዓይኔ አይቻለሁ።

ለእያንዳንዱ ፓኬጅ አዲስ ኮንቴይነር (ከላፕቶፕሽ የተለየ ዝግ ቦታ) ክፈቺለት። ምንም ቶክን አይግባበት፣ የሆም ፎልደርሽን አታጋሪው። ሲጫን ኢንተርኔት ያስፈልገዋል፣ ቴስቱ ሲሮጥ ግን ኢንተርኔቱን ዝጊበት። ይሄ ሌላም ጥቅም አለው፣ የሰው ሰርቨር ስለተኛ ብቻ የሚወድቁ ቴስቶች በሁለቱም ሩጫ እኩል ይወድቁና ከልዩነቱ ውስጥ ይወጡልሻል። የጊዜ ገደብም ስጪው፣ እኔ 15 ደቂቃ ነው የምሰጠው። የማያልቅ ቴስት ሁሌ አንድ አይጠፋም።

ሲአይ (ቴስት ራሱ የሚያስኬድ ሰርቨር) ላይ ብታደርጊውም ይሻላል፣ ግን ሪሊዝ የሚለቀው ዎርክፍሎ ውስጥ አትክተቺው። ለብቻው፣ ሲክሬት የማያይ ዎርክፍሎ ይሁን።

ቴስት የሌላቸው ላይ ሁለት ነገር ታደርጊያለሽ። ኢምፖርት ይሆናል ወይ የሚለውን ብቻ ማየት፣ ቀላል ይመስላል ግን ስሙን የቀየርሽውን ወይም ያጠፋሽውን ነገር ከላይ የሚጠሩትን ወዲያው ይይዝልሻል። ሁለተኛው ኮዳቸውን ፍለጋ ነው። ምን እንደቀየርሽ አንቺ ታውቂያለሽ። የሕዋስ ዋጋ ተቀብለው ከባዶ ስትሪንግ ጋር የሚያመሳስሉ፣ ርዝመት የሚቆጥሩ፣ ስትሪፕ የሚያደርጉ መስመሮችን ፈልጊ። 60 ፓኬጅ ላይ ይሄ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ ከምታስቢውም በላይ ያስተምርሻል፣ ሰው ላይብረሪሽን እንዴት እንደሚጠቀምበት መጀመሪያ የምታይው ያኔ ነው። ታይፕ ሂንት ካለሽ ደግሞ ታይፕ ቼከሩን በሁለቱም ቨርዥን አስኪጂና ውጤቱን አወዳድሪ። የታይፕ ቼከሩ የማይፓይ ሰዎች ማይፓይ ፕራይመር ብለው የሚያደርጉት ከዚህ ብዙም አይርቅም፣ የኮድ ቅርጽ አስተካካዩ ብላክም ዲፍ-ሼድስ የሚል ለራሱ አለው። የሰው ፕሮጀክት ወስደው በድሮና በአዲስ አስኬደው ልዩነቱን ነው የሚያዩት።

60 ከበዛብሽ በጊትሃብ ስታር ብዛት አትምረጪ። በስታር 2ኛ የሆነው አንዲት ፈንክሽንሽን ብቻ ሊጠራ ይችላል። እንግዳ እንግዳ ነገር የሚያደርጉትን ምረጪ፣ ክላስሽን የሚወርሱ፣ በአንደርስኮር የሚጀምር ስም የሚጠሩ፣ የስህተት መልእክት የሚያነቡ።

የድሮ_ኮሚት

እህቴ ይቅርታ፣ የልማድ ነገር ሆኖብኝ ነው።

@ግማሽ_ሌሊት ያለው ላይ አንድ ልጨምር። አዲስ የወደቀውን ወዲያው አትመኚው፣ ሦስት ጊዜ ደግመሽ አስኪጂው። አንዴ ወድቆ ሁለቴ የሚያልፍ ከሆነ የሰውዬው ቴስት ራሱ የሚዋልል ነው። ደግሞ ከጊት ሜይን ብራንቻቸውን አታውርጂ፣ የመጨረሻ የለቀቁትን ታግ ውሰጂ። ተጠቃሚው ጋ ያለው እሱ ነው። ከፓይፒአይ ሶርሱን እወስዳለሁ ብትይ ደግሞ ብዙዎቹ ቴስት ፎልደራቸውን አብረው አያሽጉትም።

ሰረዝ_ነጥብ (ከ9 ቀን በኋላ)

ሪፖርት ይዤ ተመለስኩ።

በደንብ ስፈልግ 61 ሆኑ። ቴስት ያላቸው 44። በኮንቴይነር፣ ያለ ቶክን፣ በ15 ደቂቃ ገደብ አስኬድኳቸው። 9ኙ በድሮውም በአዲሱም ይወድቃሉ፣ ተውኳቸው። 30 በሁለቱም ያልፋሉ። አዲስ የወደቁት 5 ናቸው።

ሁለቱ የጠበቅኳቸው ናቸው፣ ባዶ ሕዋስን ከባዶ ስትሪንግ ጋር ያመሳስላሉ። አንዱ @የድሮ_ኮሚት እንዳለው ዋላላ ነው፣ ስደግመው አለፈ። አራተኛው በአንደርስኮር የሚጀምር የውስጥ ፈንክሽኔን ነው ኢምፖርት የሚያደርገው፣ እኔ ደግሞ ወደ ሌላ ፋይል አዛውሬዋለሁ። ለምን ብዬ ኮዱን ሳነብ ግን አፈርኩ። ሴፓሬተሩ ኮማ ይሁን ሰሚኮለን የሚለየውን ክፍል ለብቻው ይፈልገዋል፣ እኔ ደግሞ ለውጭ የሚሆን መግቢያ አልሰጠሁትም። ሰውዬው ምን ያድርግ? 1.9 ላይ ያለ አንደርስኮር አወጣሁት፣ በድሮውም ስም እንዲጠራ ተውኩት።

አምስተኛው ጉድ ነው። ፋይሉ ሲበላሽ የምጽፈውን የስህተት መልእክት በሬጄክስ (ጽሑፍ መፈለጊያ ቀመር) ቆርጦ የመስመሩን ቁጥር ያወጣል። እኔ ደግሞ መልእክቱን አሳምሬ ጽፌው ነበር፣ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ሄደ። @ቀይ_ቴስት የነጥቧን ነገር ስትል ቀልድ መስሎኝ ነበር 😅 አሁን የመስመሩ ቁጥር ኤክሴፕሽኑ ላይ ራሱን የቻለ አትሪቢዩት ሆኗል። ለሰውዬው በእሱ እንዲጠቀም ፑል ሪኩዌስት ላክሁለት፣ በአንድ ቀን ተቀበለው።

የኖኑን ነገር ደግሞ 1.9 ላይ አልቀየርኩትም። የሚፈልግ የሚመርጥበት ኦፕሽን አስገባሁ፣ ያልመረጠ የድሮውን ያገኛል፣ ባዶ ሕዋስ ሲገጥመው 2.0 ላይ እንደሚቀየር ማስጠንቀቂያ ያያል። መጀመሪያ ዴፕሪኬሽን ዋርኒንግ አድርጌው ነበር። ከዚያ ፓይቶን እሱን ላይብረሪ ውስጥ ሲነሳ በነባሪው እንደሚደብቀው አወቅኩ፣ ፓይቴስት ካላሳየው የሚያየው የለም። የሪፖርቱ ሰውዬ ደግሞ ፓይቴስት የሚያስኬድ አይመስለኝም። ፊውቸር ዋርኒንግ አደረግኩት፣ እሱ ይታያል።

ያላለቀ አንድ ነገር አለኝ። ባዶ ስትሪንግ ከሚያመሳስሉት ሁለቱ ለአንዱ ኢሹ ከፈትኩ፣ መልስ የለም። ኮዱ ከተነካ ሦስት ዓመት አልፎታል። 2.0 ሲመጣ በእርግጠኝነት ይበላሻል። እሱን ልጠብቅ?

ባለ_አር

አትጠብቂ። እኔ አንድ ወር የጠበቅኩት ክራን ስላስገደደኝ ነው። ሦስት መስመር ከሆነ ፓቹን ሠርተሽ ኢሹው ላይ አስቀምጪለት፣ የተጠቀመበት ሰው ሲቸገር ፈልጎ ያገኘዋል። ቼንጅሎግሽ ላይም ይሄ ፓኬጅ በ2.0 አይሠራም ብለሽ በስሙ ጻፊው።

ለምን_ይሰራል

አሁንም ግዴታሽ ነበር አልልም። ግን ስክሪፕቱን የምታካፍዪን ከሆነ እወስደዋለሁ። እኔም ላይ የተደገፉ 12 ፓኬጆች አሉ፣ ትላንት ነው የቆጠርኳቸው።

ሰረዝ_ነጥብ

@ለምን_ይሰራል 😄 ዛሬ ማታ ሪፖው ውስጥ እከተዋለሁ። የፓኬጆቹ ስምና ታግ ለብቻው ፋይል ነው፣ የራስህን እዚያ ተካ። የኢምፖርት መንገዱን የሚጽፈውን መስመር ግን እንዳታጠፋው፣ ሲበዛብህ ማጥፋት ያምርሃል።

አርሲ1ን ነገ ጠዋት እለቃለሁ። ፒፕ በልዩ ካልጠየቁት አርሲ አያወርድም፣ ስለዚህ ለ5ቱም ባለቤቶች መጫኛውን ጽፌ ላክሁላቸው። 2 ሳምንት እጠብቃለሁ። ማታ ግን አልለቅም፣ ያንን ተምሬያለሁ።